አባባ የተቀመጡበት ጥግ

ማክሰኞ፣ ጁን 3
ላይብረሪው ታድሶ ተከፈተ። ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ጓሮው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት በመስታወት። ይህን ሁሉ መስታወት ማን ሊወለውል? እኔው።

አባባን እንደ ድሮው ይዣቸው ገባሁ። ቤት ብቻቸውን ከዋሉ ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ መረጡ። ዳዊታቸውን ገለጡ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጁን 4
አርክቴክቱ መጣ። "ያስቸገራችሁ ነገር አለ?" እያለ ሠራተኛውን ይጠይቃል። መብራቱ የሚንቀሳቀስ ሰው ካላየ በአስር ደቂቃ ይጠፋል። እኔም ላይ ሁለቴ ጠፍቷል... ልንገረው? ሰውየው ሁለት ዓመት የለፋበትን፣ ገና በሁለተኛው ቀን አቃቂር ላውጣለት? ይሉኝታ ያዘኝ። "ሁሉም በጣም ቆንጆ ነው" አልኩት። ጻፈው።

ሐሙስ፣ ጁን 12
አባባ ጠፉ! ጥጉ ጨለማ፣ ወንበሩ ባዶ። ሮጥኩ። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን ተደግፈው ቆመዋል፣ በዚያ በመቶ ሦስት ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት። ሸሚዛቸው በላብ ተነክሯል።

"አባባ፣ ምን ሆነው ነው?"

"መብራቱን አጠፉብኝ። ሁለቴ ዝም አልኩ፣ በሦስተኛው ገባኝ። ውጣ ማለት ከብዷቸው ነው... ጨዋ ሰዎች ናቸው።"

"ኧረ ሰው አይደለም ያጠፋው! ማሽን ነው። ሰው የለም ብሎ ነው።"

"አለሁ እኮ።"

እጅዎን ወዝወዝ ቢያደርጉ ይበራል አልኳቸው። "ዳዊት ከፍቼ ለአምፖል እጄን ላወዛውዝ?" ሳቄ መጣ። ከዚያ እንባዬ።

ዓርብ፣ ጁን 13
አልሄድም አሉ። "ተነሣ በተባልኩበት ቦታ አልቀመጥም።" ፊት ዴስክ ያለችውን ሳሮንን መብራቱ የሚጠፋበት ሰዓት ይራዘም እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ኦ ኖ፣ እሱ ሎክ ነው። የመብራት ቁጠባ ሰርተፊኬቱን እስኪያገኙ፣ ላይክ አንድ ዓመት፣ ቼንጅ አያደርጉትም።"

"ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ባመጣስ?"

"ምንም ነገር ፕለግ ማድረግ አይቻልም። ማለቴ... ሲጠይቁሽ ለምን አልነገርሻቸውም?"

ለምን አልነገርኳቸውም...

እሑድ፣ ጁን 15
ወንድሜ አምሃ አርሊንግተን ቤቱ ወሰዳቸው። ማታ ዌርሃውስ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። አባባ ቲቪ ፊት ሊውሉ ነው፣ ድምፁ ተዘግቶ። ሲሄዱ "ሰዎቹ አንቺን እንዳይቀየሙሽ ብቻ" አሉኝ። ምን ላድርግ? ሥራዬን ልተው?

ሐሙስ፣ ጁላይ 24
ጥጉን ወለወልኩ። ስገባ በራ። ማንም የለም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9
ስብሰባ። አርክቴክቱ የላይብረሪውን ካርታ ስክሪን ላይ አሳየ፤ መብራት የሚፈጀው ክፍል ቀይ፣ የሚቆጥበው አረንጓዴ። ከሁሉ በላይ አረንጓዴው የአባባ ጥግ ነው።

"ከጁን አጋማሽ ወዲህ እዚህ አልበራም ማለት ይቻላል" አለ፣ ደስ ብሎት። ቤቱ አጨበጨበ። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ቆንጆ ነው ማለቴን አስታውሶ መሰለኝ።

አሁን ልናገር... ብድግ አልኩ። ሁሉም አዩኝ።

ቆሜ አጨበጨብኩ።