ፊትህ ያለበት ሸራ

ለምወድህ ልጄ ለኤርሚያስ፣

ከተለየኸኝ ዘጠነኛው ክረምት ገባ። ጉልበቴ አልታዘዝ እያለኝ ነው እንጂ አልጋ ላይ አልዋልኩም። ቦሌ ሚካኤልን ብታያት አታውቃትም። ጎማ ትጠግንበት የነበረው ቤት ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። እህትህ አግብታ ወጥታለች። እኔ ያው የቀበሌው ቤት ውስጥ ነኝ፤ ቱታህም ከተሰቀለበት አልወረደም።

የመንደራችንን የፓርቲ ተጠሪ፣ አቶ ዘሪሁንን መቼም አትረሳቸውም። ስትሞት የእድሩን ድንኳን አትተክሉም ብለው የከለከሉን እሳቸው ናቸው። ፀረ ሰላም ነው አሉህ። በዚያ የሰልፍ ግርግር ውጭ የቀረውን የመኪና ማንሻ ክሪክ ላስገባ ብለህ ተመልሰህ ጥይት ያገኘህን ልጅ። ለቀስተኛውን በር ዘግተን ተቀበልነው፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው አለቀሱልህ።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። እነዚያ ወረዱ፣ ሌሎች መጡ ተባለ፤ ሰፈሩ ጨፈረ። እኔም ከሰው ጋር እልል አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ዘሪሁን አዲስ ኮፍያ አድርገው በሬን አንኳኩ። ልጅሽ ጀግና ነው አሉኝ። ፎቶህን ወስደው በትልቅ ሸራ አሳተሙና የወረዳው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ሰቀሉህ። ከገበያ ስመለስ ዘንቢሌን አስቀምጬ ቆሜ አይህ ነበር።

ቆይቶ ደግሞ የመጡት እርስ በርሳቸው ተጣሉ። የፓርቲው ስም ተቀየረ፤ የተሰቀለው ሁሉ ወረደ። ሸራህ የት ገባ ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ ጠፋ። ያገኘሁህ በሐምሌ ዝናብ ነው። አንዲት ጎመን ሻጭ ጎመኗን በፊትህ ሸፍናዋለች። ማን እንደሆንክ አታውቅም። እናቱ ነኝ ስላት ጎመኑን ለዝናቡ ትታ አጣጥፋ ሰጠችኝ።

ባለፈው ሳምንት፣ ምርጫ ደርሷል ብለው አቶ ዘሪሁን ተመልሰው መጡ። ኮፍያቸው ሌላ ነው። ሸራው እኔ ጋ እንዳለ ሰምተው ኖሮ፣ ልናድሰውና ልንሰቅለው ነው አሉኝ። ድንኳኑን ለምን እንደከለከሉን ጠየቅኳቸው።

"ያኔ ትእዛዝ ነበር፣ እትዬ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ትእዛዝ ነው።"

አልሰጥም አልኳቸው። የቤቱ ጉዳይ እንደገና ሊታይ እንደሚችል ነግረውኝ ወጡ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል።

ልጄ፣ እኔ ጋ ፀረ ሰላምም ጀግናም አይደለህም። ውሻ የምትፈራ፣ እጅህ ጎማ ጎማ የሚሸት፣ ሻይህ ላይ ስኳር የምታበዛ ኤርሚዬ ነህ። ማንም ቢወጣ ማንም ቢወርድ የማስታውስህ እንዲሁ ነው። ከዚህ ቤት ካስወጡኝ ሸራውን ይዤ እወጣለሁ። መንገድ ዳር እወጥረዋለሁ፤ ያኔ የከለከሉን ድንኳን እሱ ይሁንልህ። ሥሩ ተቀምጬ፣ አፌን ሳልይዝ አለቅስልሃለሁ።

እናትህ