ቤት የለኝም ያለው ገጣሚ

ኅዳር 12፣ ቡሬ

ዛሬ በአባባ ሳቅሁባቸው፤ ኋላ ግን አፈርሁ።

ጎረቤታችን ከድጃ የእስልምናን ታሪክ የሚጽፍ አንድ ፍልስጤማዊ ገጣሚ ትወዳለች። አንዱ መጽሐፉ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ንጉሥ ስለተሰደዱት ሰዎች ይተርክና በግጥም ይዘጋል። ግጥሙን ከዐረብኛ እየመለሰች ስታነብልን «ቤቴ ፈርሷል፤ ቤት የለኝም» የሚል ላይ ደረሰች።

አባባ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ አስተምረዋልና ለእሳቸው ቤት ማለት የቅኔ መስመር ነው። «ቤት የሌለው ቅኔ ይዞ ምን አደባባይ አወጣው!» ብለው ተቆጡ።

«ኧረ አባባ፣ መኖሪያ ቤቱን ነው ያፈረሱበት» አልኋቸው እየሳቅሁ።

ከድጃ ግን አልሳቀችም። «በዐረብኛም እኮ የግጥም መስመር ቤት ነው የሚባለው» አለች።

አባባ ቀና አሉ። «እስቲ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፣ ልጄ።» እያነበበች ቤቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ልክ እንደ መወድስ ቅኔ ስምንት ሆነ።

«ስምንት ቤት ሠርቶ ነው ቤት የለኝም የሚለን?» አሉ። ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረውም። ቀጥለውም «በቃሌ እስክይዘው ድገሚልኝማ። ዛሬ እኔ ዘንድ ይደር» አሏት።

ግጥሙን ማለታቸው ይሁን ሰውየውን፣ አልጠየቅኋቸውም።