ከጭንጮ ሴቶች ጋር እርከን የሠሩት የወይዘሮ ይርጋነሽ ወልደ ሰንበት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት አድማሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ዘለቀ በ1938 ዓ.ም. በቢቸና ተወለዱ። መሪጌታ ቅኔ ያስተምሩ ስለነበር፣ ሴት ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል ያሉትን ዘመዶች ሰምተው እንዳልሰሙ አልፈው ልጃቸውን ከደቀ መዛሙርቱ ኋላ አስቀመጧቸው። ዘመናዊ ትምህርታቸውንም በቢቸና ተከታትለው፣ በ1957 ዓ.ም. በኑሮ በዘዴ፣ ማለትም በቤት አያያዝ ሙያ፣ ሠልጥነው በግብርና መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1961 ዓ.ም. ከመምህር አካለ ወልድ ፋንታ ጋር በቃል ኪዳን ተጋብተው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ተዛወሩ። ሥራቸው ለገጠር ሴቶች ስፌትና የሕፃናት ምግብ አሠራር ማስተማር ነበር። ይሁን እንጂ እህል ለሌላት እናት ስለ ምግብ ማውራቱ ከቶ አልዋጥላቸው አለ።

ከሞጣ በላይ በጭንጮ ተራራ የሚኖሩ ባል የሌላቸው ሴቶች፣ መሬት ሲከፋፈል የደረሳቸው ማንም ያልፈለገው ቁልቁለት ነበር። በአገሩ ልማድ ሴት እርፍ መጨበጧ ነውር ስለሆነ፣ መሬታቸውን በሬ ላለው ሰው ምርቱን ሊካፈሉ በእኩል ይሰጣሉ፤ ያን ድንጋያማ ገደል ግን በእኩልም የሚያርስላቸው ጠፋ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ወጥተው አዩትና፣ “ዶማ መያዝንስ የከለከላችሁ አለ?” ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ሳቁ። በ1972 ዓ.ም. በጋ ሥራው ተጀመረ።

ድንጋዩን እየደረደሩና እየገነቡ እርከኑን ጠባብ ጠባብ አድርገው ሠሩት፤ በዶማ ለሚቆፈር መሬት ያ ይበቃል። ዳር ዳሩን ጌሾ፣ መሐሉን ገብስና ድንች ተከሉበት። ሲደክማቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ “ግድ የለም ደርድሩ፤ በእጃችሁ ያቀናችሁትን ማንም አይነካባችሁም” ይሏቸው ነበር። ይህን ያሉት ከልባቸው አምነውበት ነው።

ቁልቁለቱ ለምለም ሲሆን ግን ዓይን በዛበት። በ1977 ዓ.ም. የአካባቢው የአምራቾች ማኅበር ለም መሬት መርጦ ሲወስድ የጭንጮን እርከን ወሰደ። ለሴቶቹ ሌላ ገደል ተሰጣቸው። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ “እትዬ፣ ባናለማው ኖሮ ይቀርልን ነበር እኮ” አሏቸው። የማኅበሩ ጥማድ በሬ በጠባቡ እርከን ላይ መዞር ስላቃተው፣ ሰዎቹ ግንቡን አፍርሰው ቁልቁል አረሱት። አፈሩን ጠርጎ ለመውሰድ አንድ ክረምት በቃ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ አቤት ያላሉበት ደጅ የለም። ሞጣ ቢሮ ቢሉ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ቢቸና ድረስ ቢሄዱ ጉዳዩ የሞጣ ነው ተባሉ። በመጨረሻም ወደ ስፌታቸው እንዲመለሱ ተነገራቸው፤ ተመለሱም። የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሌላ ምን ያድርጉ? ከዚያ ወዲህ ወደ ጭንጮ የሚወጣውን መንገድ ላለማየት በሌላ በኩል ዞረው ቢሮ ይገቡ እንደነበር ቤተሰባቸው ያውቃል።

በ1981 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተያዙ። ሕክምናውም ጠበሉም አልሆነላቸውም። በያዝነው በ1982 ዓ.ም. መጋቢት ማኅበሩ ሲፈርስ መሬቱ ለሴቶቹ ተመለሰ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ይህን ሊያበሥሩ አልጋቸው አጠገብ ቢቀመጡ፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ “አፈሩስ አለ?” ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ፈንታነሽ መዋሸት አልቻሉም፤ አቀረቀሩ። ወይዘሮ ይርጋነሽም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰኔ 2 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈው፣ ባለቤታቸው መምህር አካለ ወልድ፣ ልጃቸው ሰብለ ወንጌልና ወዳጅ ዘመድ በተገኙበት ዛሬ ሥርዓተ ቀብራቸው በሞጣ ጊዮርጊስ ይፈጸማል። ከጭንጮ በእግራቸው ወርደው የመጡት ሴቶችም ይህ ቃላቸው እንዲነበብላቸው ጠይቀዋል፦ “መሬቱን መልሰውልናል፤ ድንጋይ ነው። እንደገና እንዳንደረድረው እኛም አርጅተናል፤ በርቱ የምትለንም ይኸው ሄደች።”

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ማንም በማይነጥቃቸው ሥፍራ ያሳርፍልን። አሜን።