ፈረስ ጠባቂው ኸርበርት እንደነበረ ይቆጠር

ልጄ ክንፉ በእኔ ስም ውሸት አሳትሞ ለሦስት መቶ ሰው አድሏል። የተበደልኩት ይህንን ነው።

እኔ ሳህሉ ወልደ ሰማያት፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ኦክላንድ በሚገኘው መኖሪያዬ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 21 ቀን 2024፣ ይህን ኑዛዜ አስጽፌያለሁ። ሁለቱም ቀን ይጻፍ ያልኩት በአንዱ ብቻ ሄጄ ዘጠኝ ዓመት ስለ ባከንኩ ነው።

የእናቴ የአመለወርቅ አባት ኸርበርት ኮልስ እንግሊዛዊ ነበር። እናቴ «ገና ስድህ፣ በ1911፣ በኅዳር በሽታ ሞተ» ትለኝ ነበር። በራሴ በተማርኩት እንግሊዝኛ መዝገብ ለመዝገብ ፈለግሁት። በ1911 የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ አንድ ኸርበርት ኮልስ ኖርዊች ከተማ ተጽፏል፤ ፈረስ ጠባቂ፣ ሚስቱ ኤዳ፣ ልጁ ኢዲት፣ ሁለት ዓመቷ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የሞተ ሰው እዚያ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

ባለቤቴ ያለምዘውድ ያኔውኑ፣ «ሰውዬ፣ እናትህ የነገሩህ በእኛ ዘመን ነው፤ ሰባት ዓመት ጨምርበት» አለችኝ። «የማታውቂው ነገር ውስጥ አትግቢ» አልኳት። ከሞተች በኋላ ጨመርኩበት። ልክ ነበረች። ሰውዬው በእነሱ 1912 ወደ ጅቡቲ ተሳፍሯል፤ የሞተውም በእነሱ 1918 ነው። ልክ ነበርሽ የምላት ሰው አጣሁ።

ያገኘሁትን ጽፌ፣ ለልጅ ልጄ ለወንጌላዊት ሠርግ እንዲያሳትመው ለአባቷ ለክንፉ ሰጠሁት። ሳን ሆዜ፣ የሠርጉ አዳራሽ ተቀምጬ ስገልጠው ፈረስ ጠባቂው ኮሎኔል ሆኗል። ኤዳና ኢዲት የሉም። ከሥር የእኔ ስም አለ።

«ይህን ማን ጻፈው?» አልኩት።

«አባዬ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ ይቅርብኝ። አማቾቼ ፊት ሚስቱን ጥሎ የመጣ ፈረስ ጠባቂ ልበል?»

«ኢዲትስ?»

«የመቶ ዓመት ታሪክ! ማን ኬር ያደርጋል?»

ሳን ፓብሎ ያለው ቤቴ ለክንፉ ይሁን። ልጄ ነው፤ እኔ ሰው ከመዝገብ አልፍቅም። በቀብሬ ላይ ግን የሕይወት ታሪኬን እሱ እንዳያነብ።

የመዝገቦቹ ሣጥን የወንጌላዊት ነው፤ አባቷ አይንካው። ልጆቿ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠርላቸው፣ ኸርበርት ፈረስ ጠባቂ ተብሎ ይቆጠር። ኢዲትም ከእናቴ ጎን ትቆጠር፤ እህቷ ናት።

እኔን ከያለምዘውድ አጠገብ ቅበሩኝ። በድንጋዩ ላይ ቀኑ በሁለቱም ዘመን ይቀረጽ።

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ለተ ማርያም እዚህ ላይ እጇን አቁማ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ብዬዋለሁ የሚል ልጨምርልዎ?» አለችኝ።

«ያላልኩትን አትጨምሪ። እሱም ያደረገው ይህንኑ ነው» አልኳት። ይህም ይጻፍ ብያለሁ።

ሲናገር ሰምተን፣ ተነቦለት ልክ ነው ሲል አይተን ፈርመናል፦ ብርሃነ መስቀል ታደሰ፤ ባስልኤል ህዝቅያስ፤ ጸሐፊዋ ለተ ማርያም።

ክንፉ ሊጠይቀኝ ቢመጣ በሬ ክፍት ነው፤ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኝ። ስለዚህ ነገር ግን ለእሱም ሆነ ለማንም ከእንግዲህ አንድ ቃል አልናገርም።

ሳህሉ ወልደ ሰማያት፣ ፊርማ