በወይራ የታጠነው በርሜል፦ ለኩባንያው የታሪክ መጽሐፍ የጎደለ የሸዋ ሮቢት ምዕራፍ

ለክቡር ሲኞር ካርሌቲ፣
የነዳጅ ማጣሪያ ኩባንያው የሸዋ ሮቢት መጋዘን ሹም

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የቆላው ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? የሮቢት ትንኝ ሹምና ተራ ሰው መለየት አልተማረችምና፣ ለእኛ የምታሳየውን ትጋት ለእርስዎም እንዳታሳይ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ከሞተችውና ከታሰረው በስተቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

እኔ የአሊዩ አምባው ሷሊሕ ነኝ። ግመል ነጂ ነበርኩ፤ «ነበርኩ» ያልኩበትን ምክንያት ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ የአንኮበር የቀረጥ ጸሐፊ የነበሩት ጋሼ ተሰማ ናቸውና፣ ጽሕፈቴ ካስከፋዎ በእርሳቸው አይፍረዱ፣ እኔ ነኝ ተማሪው ሰነፍ። በስም ባያውቁኝ እንኳ፣ ደብረ ሲና አስረው ያስቀመጡት የኢብሮ አማች ነኝ ብልዎ ያውቁኛል።

ማክሰኞ ዕለት አስተርጓሚዎ ታከለ በመጋዘኑ ደጅ ሳጥን ላይ ቆሞ፣ እኛም ጾመኞቹ ፀሐይ ላይ ቆመን፣ «የኩባንያው ታሪክና ዕድገት» የሚለውን አርባ ገጽ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ አነበበልን። እጅግ ተደነቅን። ኩባንያዎ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት በመንግሥት ትእዛዝ በአንዲት ጠባብ ቤት ሲጀመር ጉድጓድም መርከብም እንዳልነበረው፣ ቀጥሎ በባሕር ዳር አንድ ማጣሪያ፣ ከዚያ ሁለተኛ እንዳቆመ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረው ድፍድፍ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን እንደ እንባ የጠራ ቤንዚን ሆኖ እንደሚወጣ ሰማን። በሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ እኛም ደረስን፤ «በሸዋ ሮቢትም መጋዘን አለን» ይላል። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የአገሩ ሰው የኩባንያውን ዕድገት በዓይኑ ያየውን ያህል ጽፎ ምስጋናውን እንዲያቀርብ፣ ወደ ሮማም እንደሚላክለት ታወጀ። የሚጽፍ ሰው ሲጠፋ እኔ ተነሣሁ። ያችን አንድ መስመር ትንሽ ላስረዝምላችሁ ነው።

አንደኛ፦ መጽሐፉ መጋዘኑ የተተከለው «ባዶ ሜዳ» ላይ ነው ይላል። ሜዳው የሮቢት ሰው የማሽላ አውድማ፣ ከአዋሽ ወዲያ የሚመጣውም ሲራራ ነጋዴ የሚያድርበት ነበር። እርግጥ ነው በክረምት ለመጣ እንግዳ አውድማ ባዶ ይመስላል፣ እርስዎም የመጡት በክረምት ነው፣ አልፈርድብዎትም። ብቻ «ባዶ» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛ፦ በይፋት ግመል አቀበት አይወጣም። ስንፍና አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ከጥንት ጀምሮ የቆላው ጭነት አሊዩ አምባ ሲደርስ ከግመል ወርዶ በበቅሎ ይጫናል፣ ግመሉም ወደ ሙቀቱ ይመለሳል። ጭቃ የረገጠ ግመል እግሩ ግራና ቀኝ ይከፈትና ይወድቃል፣ እንዲያ የወደቀ ደግሞ ዳግመኛ አይቆምም። ባለፈው ክረምት ሮቢ ሞልቶ ካሚዮኖቻችሁ ከወንዙ ማዶ በቆሙ ጊዜ፣ የቤንዚኑን ቆርቆሮ በእኛ ግመሎች አስጭነው እስከ ጣርማ በር እንድናወጣ አዘዙ። ኢብሮ ይህንኑ ሥርዓት በታከለ አፍ አስረድቶዎት ነበር፤ እርስዎም «ሥልጣኔ ዳገት አይፈራም» ሲሉ መለሱ። እንዴት ያለ ግሩም አነጋገር ነው! ከሃያ ሁለቱ ግመሎቻችን አሥራ አራቱ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጭቃ ውስጥ ቀሩ፤ የእኔዎቹ አንድ ሳይተርፍ ከእነርሱ ጋር ናቸው። ቤንዚኑ ግን በሰላም ደረሰ፤ ለመጽሐፉ የሚፈለገው እርሱ ነውና ይመዝገብልኝ።

ሦስተኛ፦ ስጦታዎ። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ኢብሮን መጋዘን ድረስ አስጠሩት። ታማኝነቱን አመሰገኑ፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉ፣ አንድ የብረት በርሜልም በገዛ እጅዎ አስረከቡት። ፎቶግራፍ ተነሣችሁ፤ እርስዎ ሲስቁ፣ ኢብሮ በርሜሉን አቅፎ ምን እንደሚያደርግ ሲጨንቀው። ታከለም «ባዶ ነው፣ ውሃ አድርጉበት ብለዋል» ብሎ ተረጎመ። ያን ዕለት እኔም ሰው እንደሆኑ አምኜ ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን ያባቶቼን ቃል ረስቼ።

በርሜሉን ከሁሉ ይልቅ የወደደችው የኢብሮ ሚስት፣ እህቴ ዘይቱና ናት። ከቤቷ ሮቢ ወንዝ ወርዶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት አልቀረውም ነበርና፣ ጾመኛ ሆና እንስራ ተሸክማ ያን ዳገት እንዳትወጣ አስቀድማ ልትሞላው አሰበች። «ዘንድሮስ እንደ ሹም ሚስት ከጥላዬ ሳልነሣ ነው የማፈጥረው» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀች። በአመድ አሸችው፣ በአሸዋ ፈተገችው፣ ሦስት ቀን አፉን ደፍታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። የቤንዚኑ ሽታ እምቢ አለ። ውሃ ጨምራ ጨምራ እንዳታጥበው ደግሞ ውሃው ያለው ወንዝ ነው።

ክቡርነትዎ የሚያውቁት አይመስለኝምና ላስረዳ። በእኛ አገር የወተትም ሆነ የውሃ ዕቃ ሽታ አልለቅ ሲል ይታጠናል። የወይራ ፍም ዕቃው ውስጥ ይገባል፣ አፉ በጨርቅ ይከደናል፣ ጢሱ መጥፎውን ሽታ አስወጥቶ የራሱን መልካም ሽታ ይተውለታል። ዘይቱናን እናታችን ከዲጃ ይህን ያስተማረቻት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። በይፋት ባለሙያ ሴት የምትባል የትኛዋም ብትሆን የምታደርገውን፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰኞ ጧት እህቴም አደረገች። የወይራውን ፍም በጉጠት ይዛ ከባዶው በርሜል አፍ ጨመረችው።

ድምፁ ገበያው ድረስ ተሰማ። ቤቱ የለም። እህቴን ስላገኘንበት ሁኔታ ክቡርነትዎን ከምሳ በፊት ማስቸገር ነውር ነውና አልጽፍም። ይህን ብቻ ልበል፦ በአራት ዓመት ታላቋ ነኝ፣ በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌአታለሁ። ከዚያች ሰኞ ወዲህ እናታችን ዕቃ አታጥንም። የቤታችን ውሃ ጭቃ ጭቃ ይላል፤ እንዲያው እንጠጣዋለን።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ተውኩት፤ በደል እስከ ስንት እንደሚቆጠር ጋሼ ተሰማ አላስተማሩኝም። ከቀብር መልስ ግን አንድ ነገር ሰማሁ። በመጋዘንዎ በር ከውስጥ በኩል የራስ ቅል የተሣለበት፣ በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ አሉ፤ «ባዶ በርሜል ትነት ስለሚቀርበት ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል፣ እሳት አታስጠጉ» የሚል። ማን አነበበልህ ብለው አይድከሙ፤ በዚህ አገር ኢጣሊያንኛ የሚያነቡ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሱብሃነላህ! አርባ ገጽ ታሪክና ዕድገት ወደ አማርኛ ያስተረጎመ ኩባንያ፣ ያችን አንድ መስመር የሚተረጉምለት ሰው አጣ። የማጣሪያዎቻችሁን ቁጥር አውቀን እንድንሞት ስላሰባችሁልን እናመሰግናለን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከመጋዘንዎ ወደ ደብረ ሲና የተላከው ጽሑፍ፣ ኢብሮ በርሜሉን ከነቤንዚኑ ሰርቆ በአንኮበር ተራሮች ላሉት ሽፍቶች ሲያቆይ ነው የፈነዳው ይላል። ሚስቱን አፈር አልብሶ እጁን ሳይታጠብ ነው ያሰሩት። ፍርዱ በመጪው ሰኞ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ክስ ደብረ ሲና ላይ የሚፈረደው ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ ገመዱም ያውቃል። ፎቶግራፉስ ብዬ መጋዘን ሄጄ ነበር። ከጠረጴዛዎ በላይ ተሰቅሎ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል፣ ሌላው ግድግዳ በአቧራ ጠቁሯል። ቤት ሲያጸዱ ደርሼብዎ ከሆነ ይቅርታ።

የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ግመሎቹን አልጠይቅም፣ አውድማውንም አልጠይቅም፣ እህቴን የሚመልስ አላህ ብቻ ነው። የምለምንዎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «በርሜሉን ባዶ ነው ብዬ በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ይቺን ከሰኞ በፊት ለደብረ ሲናው ዳኛ ይጻፉልኝ። ኢብሮ ከገመድ ይድናል፤ እርስዎ የሚያጡት ምናልባት አንድ ቀን ምሳ ሳይጥምዎ መዋል ነው። ይህን ያህል ድፍድፍ ያጠራ ኩባንያ አንዲት እውነት ማጥራት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ባያጠራትም፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና፣ ይህን ደብዳቤ በአራት ቅጂ ጽፌዋለሁ። አንዱ እርስዎ እጅ ነው፣ አንዱ በገበያው ዛፍ፣ አንዱ በመስጊዱ ደጅ፣ አንዱ በደብረ ሲና የእስር ቤቱ በር ይለጠፋል። በሚለጠፉት በሦስቱ ራስጌ ላይ የበርዎን ማስታወቂያ በአማርኛ በትልቁ ጽፌልዎታለሁ። ሥራውን ስላቀለልኩልዎ ማመስገን አያስፈልግም። ስሜንም ያልደበቅሁት ፍለጋ እንዳይደክሙ ብዬ ነው፤ ሲፈልጉኝ ከእናቴ ቤት አልጠፋም።

ለኩባንያዎ ዕድገት አውድማውን፣ አሥራ አራት ግመሎቹንና አንዲት እህቱን አዋጥቶ፣ በሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ከአንድ መስመር በታች በትሕትና የቆመ፣
ሷሊሕ፣ የዘይቱና ወንድም
ጥቅምት ፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ በረመዳን አምስተኛው ቀን፤ ዘመንን ፋሺስት ሥልጣን ከያዘበት ከአሥራ ሰባት ዓመት ወዲህ ብቻ ለምትቆጥሩት ግን የፈቀዳችሁትን ጻፉበት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በላኩት ወታደር፣ የበርሜሉ ስብርባሪ የኩባንያው ንብረት ስለሆነ ተለቅሞ እንዲመለስ አዘዋል። ለቅመን በሁለት ጆንያ ልከናል። የጎደለው የኩባንያው ማኅተምና ፬፻፲፯ የሚለው ቁጥር ያለበት የመዳፍ ስፋት ብረት ነው። እርሱ እህቴ ደረት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አጣቢዎቿ ሴቶች ሊያወጡት ሞክረው አቃታቸውና አብሯት ተቀበረ። ስለዚህ አይቸኩሉ፤ በቂያማ ቀን፣ ሙታን ሲነሡ፣ ራሷ ይዛው ትመጣለች። ያን ዕለት ታከለን ማምጣት አያስፈልግዎትም፤ እዚያ ያለ አስተርጓሚ ነው የሚጠየቁት።