የሙስታንጓ ድምፅ ለአባባ

ለውድ እህቴ ለእትዬ አረጋሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አባባን ማገላበጡ ቀን ከሌት እንደማያስቀምጥሽ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ። ልጆችሽ ሚልካና ኢማኑኤልስ? ባለቤትሽ ጋሽ ገብሩስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። በስልክ፣ አባባ ሰው መለየት ትተዋል፣ በሕይወት ልታገኛቸው ከፈለግህ ቶሎ ና ካልሽኝ ወዲህ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

እንዳልመጣ፣ የያዝኳት ወረቀት ዱልዱንግ የሚሏት ናት፤ ለጊዜው ታስቀምጣለች እንጂ ወጥቶ መመለስ አትፈቅድም። ቀጠሮ ይዤ የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ሄጄ ለመንኳቸው። የቢሮዋ ሴትዮ አዘነችልኝ፤ ግን ከወጣህ በዚያው ነህ አለችኝ። በዚያው ልሁን እንዳልል ደግሞ ከአገር ለምን እንደወጣሁ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ይህን ካሴት ላክሁልሽ። እንዳትስቂብኝ ብቻ።

ሆኽስት በሚሉት ሰፈር የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ አንዲት ሙስታንግ አለች፤ የድሮ የአሜሪካ ስፖርት መኪና፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። እዚህ የነበረው የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ሲዘጋ አንድ ወታደር እንደዛገች ትቷት ሊሄድ ሲል አለቃዬ በርካሽ ገዛት። ሁለት ዓመት ስፈታት ስገጥማት ኖርኩ። ባለፈው ሳምንት ተነሣች። መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ አለቃዬ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ። አስመራ ቃኘው ጦር ሰፈር የአሜሪካኖቹን መኪና ሲጠግኑ አባባ ያወሩልን የነበረው ስለዚህችው ዓይነት አልነበር? ልጆች ሳለን በደጃችን የሚያልፈውን መኪና ሳያዩት፣ ይሄ ሳል ይዞታል ይሉ ነበር። የጠገኑት ሞተር ጤና ሲሆን ደግሞ ግራ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ በቃ፣ ድኗል፣ አጥፋው ማለታቸው ነው።

መጀመሪያ በራሴ አንደበት ልቀዳላቸው ሞክሬ ነበር። «አባባ» ብዬ ከዚያ ማለፍ አልቻልኩም፤ ቴፑን ከሞተሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። እሷን ቃል አላጠፋኋትም፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሞተሩ ነው።

ካሴቱን ጎረቤቴ ኸይሪያ ታደርስልሻለች፤ እናቷን ልትጠይቅ ወደዚያው ትመጣለች። በጆሯቸው አጠገብ አድርጊላቸው፤ ድምፁን እንዳትቀንሺ፣ ጎረቤት ቢቆጣም ይቆጣ። ግራ እጃቸው ዛሬም ይንቀሳቀሳል ብለሽኛልና ዓይንሽን ከእሱ ላይ እንዳትነቅዪ። ከፍ ካደረጉት እንዳዘዙሽ ወዲያው አጥፊውና ደውይልኝ። ካላነሡት ግን አትንኪው፤ እስኪያልቅ ከጎናቸው ይቆይ። እኔ ልቀመጥበት በሚገባኝ ቦታ የተቀመጠ እሱ ነው።

ሚልካን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለኢማኑኤል ኳስ ልልክለት ቃል ገብቼለታለሁና ኸይሪያ ይዛለት ትመጣለች። ለጋሽ ገብሩ እጅ ነስቷል በይልኝ። ለአባባ ግን ከእኔ መሆኑን እንዳትነግሪያቸው። ራሳቸው ይወቁኝ።

ወንድምሽ አብዲሳ
ፍራንክፈርት አም ማይን፣ ኅዳር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.