በባሕር ወለል ያለው የእናቴ ጓሮ

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የፊት ጥርስሽ በቀለ ወይ? ባለፈው በስልክ ስታወሪኝ ቃሉ ሁሉ በክፍተቱ እያፏጨ ነበር የሚወጣው። ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ወላጆችሽ ኢቫሉና ሱሉክ፣ ያ ሶፋ የሚበላው ቡችላሽም ጭምር፣ ሁሉም እንደምን ናቸው? እኛ ደህና ነን። በረዶው ዘንድሮ ዘግይቶ ነው የያዘው። የበረዶ ጋሪ ጎታቾቹ ውሾች ሥራ ፈተው ወፍረዋል፣ እኔም እንደነሱ።

ይህን ደብዳቤ ኢቫሉ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። ሰባት ዓመት ሞልቶሽ ፊደል ለይተሻል፤ ግን የእኔን የእጅ ጽሑፍ እንኳን አንቺ እኔም ራሴ አላነበው።

የምጽፍልሽ ላመሰግንሽ ነው። ልጅ ስለሆንሽና በልደትሽ ቀን አሳብሽ ሁሉ ኬኩ ላይ ስለነበር ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አርጅተሽ በሞትሽ በዚያው ክረምት ጎረቤታችን ኢቫሉ ወለደች፣ ስምሽንም ለልጅቷ ሰጠቻት። እኛ ዘንድ ስም ብቻውን አይመጣም፤ ባለቤቱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ እኔ ሽበታሙ ሰውዬ እናቴ እልሻለሁ፣ አንቺም ልጄ ትይኛለሽ፣ አፍንጫህን ጥረግ እያልሽ ትቆጪኛለሽ። በብርድ ልብስ ተጠቅልለሽ ያሳዩኝ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት አልቅሻለሁ። በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ሲሲሚዩት ከተማ ይዘውሽ ሲሄዱም አልቅሻለሁ፤ ይህኛውን ማንም አላየኝም።

በፊተኛው ዕድሜሽ ዓሣ አጥማጅ ነበርሽ። ባሕሩ በገደሎች መሃል ዘልቆ በሚገባበት በፊዮርዳችን አፍ፣ ጥልቁ ላይ፣ ጓሮዬ የምትይው ቦታ ነበረሽ። መንጠቆ የተደረደረበትን ረጅም ገመድ እስከ ወለሉ ታወርጂና እንደ ጠረጴዛ የሰፋ ጠፍጣፋ ዓሣ ታወጪ ነበር። ጓሮ ያልሽው ግን ለዓሣው ብለሽ አይደለም። መንጠቆው አንዳንዴ ሌላ ነገር ይዞ ይወጣል፤ የአበባ ጎመን የመሰለ ቀይ ኮራል፣ ላባ የመሰለ ነገር፣ ክንዱ እየተከፋፈለ እንደ ውል አልባ ክር የተተበተበ የባሕር ኮከብ። ሌላው አጥማጅ ቆሻሻ ነው ብሎ በጫማው ረግጦ ይጥለዋል። አንቺ ግን እንስሳ ነው፣ አፍ አለው፣ እንደኛ ቁጭ ብሎ ራቱን ይጠብቃል እያልሽ ትቆጪ ነበር። ከዚያ ወዲያ ገመድሽን ከመሃል አርቀሽ ዳር ዳሩን መጣል ጀመርሽ። ቦታውን ያሳየሽው ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለኤኖክ ብቻ ነው።

በቅርቡ ትልልቆቹ የሽሪምፕ መርከቦች ወደ ፊዮርዱ አፍ ተጠጉ። መረባቸው ከባድ ነው፤ ወለል ለወለል እየተጎተተ ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን የዓሣ ሀብት ቢሮ ሰዎች መንደራችን መጥተው ሰበሰቡን። ታቢታ የምትባል ተመራማሪ፣ የወለሉ አበቦች ያሉበትን የምታውቁ ንገሩን፣ ካሜራ አውርደን እናያለን፣ እውነት ከሆነ ቦታው ይዘጋል አለች። ለማን ነው የሚዘጋው ብዬ ጠየቅኳት። ወለል ለሚነካ መሣሪያ ሁሉ አለችኝ። የእኔም ገመድ አለበት ማለት ነው።

ኤኖክ እጁን ሊያወጣ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ቤት ስንገባ ያልተባባልነው የለም።

“አንተ ሰውዬ፣ ያ መረብ ሲጠርገው ምን ልታጠምድ ነው? ጭቃ?” አለኝ።

“የእንጀራ ገመዴን በገዛ እጄ ልበጥስልህ?” አልኩት።

“ስስታም!”

“አፈኛ!”

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነበር። እንደዚያ ያለ ሌላ ቦታ አልነበረኝም። እንደ እሱ በዓሣ ፋብሪካው የምትሠራ ሚስትም የለችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤኖክ ሰላምታ ነሳኝ። ሰው ሁሉ በአንድ ሱቅ በሚገበያይበት መንደር ውስጥ ወንድምን ላለማየት መሞከር ሥራ ነው እናቴ፣ ከአጥማጅነት ይከብዳል። መጨረሻ ላይ በሚስቱ በኩል ላከብኝ። ቦታው የእናታችን ነው፣ እሷ ትፍረድ አለ። እሺ አልኩ፤ ፍርዱ ወደኔ እንደሚያደላ ተማምኜ ነበር።

ለልደትሽ ወደ ከተማችሁ በአንድ መርከብ መጣን፣ እሱ ፊት እኔ ኋላ። ቀዩን ብስክሌት ያመጣሁልሽ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባሽም ይሆናል። ኤኖክ ግን ወዲያው ገብቶት፣ “ዳኛውን በጉቦ ገዛሃት፣ አይ ያንተ ነገር!” አለኝ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ሱሉክ የሚሠራበት የሽሪምፕ መርከብ አለቃ፣ ካፒቴን ሌዊ፣ ሆዱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ኬክ ይበላል። እኔ ጥግ ይዤሽ ነገሩን አስረዳሁሽ። ቆይተሽ፣ “የት ነው ጓሮዬ?” አልሽኝ። እናት የራሷን ቦታ ሳታውቅ እንዴት ትፈርዳለች? በጆሮሽ ነገርኩሽ፤ ጥቁሩ ገደል ከቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ ጋር ሲገጥም፣ ነጩ ድንጋይ በጀርባ ሲሆን። ምስጢር ነው አልኩሽ።

“አውቃለሁ ልጄ። ኬኬን በልቼ አስብበታለሁ” አልሽኝና ሄደሽ ኤኖክ ጎን ተቀመጥሽ።

እንግዶቹ የሚበሉትን የዓሣ ነባሪ ቆዳ ከጆንያው ላወጣ ደጅ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ሱሉክ ትከሻዬን መትቶ፣ “እናትህኮ ጓሮዋ የት እንደሆነ ለካፒቴኔ ነገረችው!” አለኝ። ካፒቴኑም ኬኩን ሳይውጥ፣ “እናመሰግናለን እናታችን፣ በፀደይ ብቅ እንላለን” አለ። የሰባት ዓመት ልጅ መሆንሽን እንዴት ረሳሁ? ለእናቴ የነገርኩ መስሎኝ ነዋ! ኤኖክን ባየው አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሰ መሰለኝ።

በማግስቱ እዚያው ከተማ የዓሣ ሀብት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመን ነበር። ታቢታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገደሉንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ነጩንም ድንጋይ ዘረገፍኩላት። ኤኖክ፣ ወሬ የማይነጥፍበት ሰውዬ፣ ከኋላዬ ቆሞ ትንፍሽ አላለም።

በረዶው ሲለቅ፣ ሽሪምፕ አጥማጆቹ ሳይመለሱ፣ ካሜራውን ሲያወርዱ በመርከባቸው ወሰዱን። ያን ሁሉ ዘመን በላዩ ስመላለስ ኖሬ ጓሮሽን አይቼው አላውቅም ነበር። መብራቱ ወለሉን ሲነካ ኮራሉ ቀይና ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ ላባዎቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ፤ ስፖንጅ በሚባለው የባሕር እንስሳ ላይ ትንንሽ ሽሪምፖች ተቀምጠዋል፤ ባለ ብዙ ክንዱ ኮከብ ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ሁሉም ራቱን ይጠብቃል። አንዱ ኮራል ላይ ያረጀ ሰማያዊ ገመድ አየሁ። ቋጠሮው ያንቺ ነበር፣ ሁለቴ ዞሮ በግራ የሚገባው። ኮራሉ በላዩ አድጎበታል፤ ታቢታ ይህን ያህል ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል አለችን። ካሜራው ትንሽ ፈቀቅ ሲል ደግሞ ወለሉ እንደተጠረገ ግቢ ልሙጥ ሆነ፤ መረቡ ያለፈበት ነው። ጓሮሽም እስኪጠረግ አንድ የማጥመጃ ወቅት ብቻ ቀርቶት ነበር። ፊቴን በኮፍያዬ ሸፈንኩ። ኤኖክ እጁን ጀርባዬ ላይ አሳርፎ ቆየ።

አሁን ቦታው ተዘግቷል። እኔ ወደ ውስጥ፣ ወደ በረዶ ግግሩ ዘልቄ አጠምዳለሁ። መንገዱ ይረዝማል፣ ዓሣው ያንሳል፣ አማርራለሁ። ኤኖክ ግን አብሮኝ ይወጣል፤ ምሳችንንም ከአንድ ዕቃ እንበላለን።

ባለፈው ሳምንት አባትሽ ሱሉክ በመንደራችን ሲያልፍ ጎራ ብሎ ነበር። ካፒቴኑ የልደትሽን ቀን በየወደቡ እያወራ ሰው ያስቃል አለኝ። ያን ቀን ጓሮዬ ብለሽ የነገርሽው ቦታ ለካ ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ ያለውን፣ ዳክዬ እንኳ ቆሞ የሚሄድበትን ውኃ ኖሯል! ሁለቴ አስደገምኩት። ከዚያ የዓሣ ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ። ምስጢሩ ከአንቺ አፍ አልወጣም። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ካፖርት እስኪወልቅ እንኳ ሳልታገሥ።

“አጠገቧ ተቀምጠህ ነበር” አልኩት ኤኖክን።

“ኬክ እየበላሁ ነበር” አለኝ፣ ከመንጠቆው ቀና ሳይል።

እስከ ምሳ ድረስ ተናደድኩ። ከምሳ በኋላ ውሾቹ እስኪጮሁ ሳቅሁ። ባውቅ ኖሮ እስከ ዛሬ አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር፣ ጓሮሽም ጭቃ ይሆን ነበር፣ ወንድሜም እኔን ላለማየት መንገድ ሲሻገር ይኖር ነበር። አመሰግንሻለሁ እናቴ። በጣም አመሰግንሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ያስገርመኛል። በፊተኛው ዕድሜሽ ወደብ ላይ ሰዎች ይህን ዓሣ ከየት አመጣሽው ሲሉሽ ዓይንሽን ሳታሺ “ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ” ትያቸው ነበር። ያኔ የሰሙሽ ሽማግሌዎች ሁሉ አልፈዋል። እኔ ይህን ነግሬሽ አላውቅም። ኤኖክም በበኩሉ አልነገርኳትም ብሎ ይምላል።

ጥርስሽ ያማረ ሆኖ ይብቀል። ብስክሌቱ አይጣልሽ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ በዚህኛው ግን እኔ ልቅደም። አድገሽ ልጅ ስትወልጂ ስሜን ስጪልኝ፤ አፍንጫዬን ራሴ እጠርጋለሁ።

አክባሪሽ፣
ትልቁ ልጅሽ